ሚዛኑ ልጆቻችንን ብቻ አይመዝን!



ልጅ ሲፈተን ትምህርት ቤቱም አብሮ ይመዘናል። በእስራኤል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የተጀመረው «ሜይጻቭ» የተባለው ፈተና በአምስተኛና በስምንተኛ ክፍል ሲሰጥ ቆይቷል። የየትምህርት ቤቱ ውጤት ለሕዝብ እንዲገለጽም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ወስኗል። ዛሬ ሜይጻቭ በስሙ ባይኖርም ትምህርት ቤትን በፈተና ቁጥር መመዘን አልቀረም።

እኛ መቆጠርን አንቃወምም። እንዴትስ እንቃወማለን? በ1984 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንገባ ብዙ ልጆቻችን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ብዙዎቹም ሙሉ ባግሩት በማያስገኝ የሙያ ክፍል ተመደቡ። ለዚህ የተጠየቀ ኃላፊ ግን አልሰማንም።

የምንቃወመው ሚዛኑ ከላይ ያለውን ትቶ ከታች ያለውን ብቻ ሲመዝን ነው። አሜሪካን እንመልከት። በ2002 የጸናው «ማንም ልጅ ወደ ኋላ እንዳይቀር» የተባለው ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ፈተና አዘዘ። የጥቁሮች፣ የድሆችና እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ውጤት ለየብቻ እንዲገለጽ ማድረጉ መልካም ነበር፤ የተደበቀውን አወጣ። ነገር ግን እስከ 2014 ሁሉም ተማሪ የተወሰነው ደረጃ ላይ ይድረስ አለ፤ ያልደረሰ ትምህርት ቤት ደረጃ በደረጃ ይቀጣ ጀመር። ምን ተከተለ? ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስና የታሪክ ሰዓት ቀንሰው ለንባብና ለሒሳብ ሰጡ። በአትላንታ ከተማ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች በፈተና ማጭበርበር መሳተፋቸውን መርማሪዎች በ2011 አሳወቁ። የልጁ ስህተት በላጲስ ጠፋ፤ ያላወቀው ልጅ «አውቋል» ተባለ፤ የሚገባው እርዳታም ቀረበት። በ2015 ፍርድ ቤት 11 ሰዎችን ጥፋተኛ አለ። ሕጉም በዚያው ዓመት በሌላ ተተካ።

ማጭበርበሩ ጥፋት ነው፤ አንሸፍነውም። ግን ሰዓትና ገንዘብ የነፈገውን ባለሥልጣን ማን ጠየቀው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው!

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሜይጻቭ የልዩ ትምህርት ተማሪዎች ውጤት በትምህርት ቤቱ አማካይ ውስጥ አይገባም ነበር። ለልጁ ታስቦ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት ሁሉ፣ ደካማ የተባለውን ልጅ ወደ ልዩ ትምህርት መግፋት የትምህርት ቤቱን ቁጥር ያሳምራል። በቤቱ ዕብራይስጥ የማይነገርለት ልጅ ደግሞ የቋንቋ ማነሱ እንደ አእምሮ ማነስ ሊቆጠርበት ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጠይቁ! ልጄ ተፈትኗል ወይ? ውጤቱስ ተቆጥሯል ወይ? ስንት የማጠናከሪያ ሰዓት ተመደበለት? በፈተና ቀን «ልጁ ቤት ይዋል» ብትባሉ እሺ አትበሉ። በቋንቋችሁ ያልተብራራላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። መምህሩንም እንደ ጠላት አትዩት፤ ስንት ተማሪ ይዞ ብቻውን እንደሚታገል ጠይቁት።

የትምህርት ሚኒስቴርም ይመዘን! ስንት ሰዓት ሰጠ? ስንት መምህር ጨመረ? ይህን ሳያሟሉ ውጤት መጠየቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።