የፋሲካው አሮስቶ እና "ባህል ጠባቂዎቹ"

የፋሲካ ለት አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። የበግ ታፋ፣ ዙሪያውን ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት፣ ልክ ከኦቨን እንደወጣ። ከስሩ "እኔ ነኝ የሠራሁት" ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቴ እሱ ነው መሰለኝ። በማግስቱ ስነሳ የኮሜንቱ ብዛት ሌላ ነው። "ሚስትህ የት ሄዳ ነው?" "ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ!" "ዶሮ የሌለበት ፋሲካ? ባህላችንን ሸጣችሁት።" አንዱማ የድሮ ተማሪዬ ነው፣ "ቲቸር አዋረድከን" ይለኛል።

ዝም ልል ነበር። ግን አልቻልኩም።

አምና በዚሁ በዓል ባለቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምራ 4 ኪሎ ሽንኩርት ከተፈች። ዶሮውን 12 ብልት አውጥታ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጠበች። ቁሌቱን ቆማ ስታማስል ሌሊቱ ተጋመሰ። እኔስ? ሳሎን ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን አያለሁ። መሃል ላይ "ሽታው ገደለን እኮ፣ አልደረሰም?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። አሁን ስጽፈው አፈርኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ልንፈስክ ስንቀርብ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ አለ። አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ ተኛች። የለፋችበትን ዶሮ የበላነው እኔና እንግዶቹ ነን።

ባህል የምትሉኝ ይሄን ነው?

ዘንድሮ ልጃችን ገና ዓመት አልሞላትም፣ ሌሊት አታስተኛም። "የዘንድሮውን እኔ እሠራለሁ" አልኩ። ዶሮ ወጥ አልችልም፣ አልዋሽም። የምችለውን ሠራሁ። ስጋውን ቅዳሜ ማታ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሸሁት። እሁድ ከፍሪጅ አውጥቼ አንድ ሰዓት ያህል አቆየሁትና 180 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። 2 ኪሎ ታፋ ነው፣ ሁለት ሰዓት አልሞላበትም። ድንችና ካሮቱ ከ40 ደቂቃ በኋላ ገባ፣ ቃሪያው ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው። ሁሉንም አንዴ ጠቅጥቃችሁ ከከተታችሁት አትክልቱ ውሃውን ይለቅና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ትሪው ላይ ክፍተት ይኑር፣ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል (የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ታውቃላችሁ)። ከወጣ በኋላም 20 ደቂቃ ሳያርፍ አትቁረጡት፣ ጭማቂው ትሪው ላይ ፈስሶ ይቀራል።

እሱ ሲበስል ማንም እሳት ላይ አልቆመም። እኔ ልጅ ይዤ ነበር፣ ባለቤቴ ተኝታለች። ፋሲካ ቀን ተኝታለች!

"የፈረንጅ ምግብ ነው" ላላችሁኝ፦ ልክ ናችሁ፣ አሮስቶ ቃሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ግን በርበሬስ? በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 እዛ ከመድረሱ በፊት አንድም ሐበሻ በርበሬ ቀምሶ አያውቅም። ድንችም ቢሆን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግዳውን ተቀብለን ቤተኛ ያደረግነው እኛው ነን፤ ታዲያ በሩን ዛሬ ማን ዘጋው?

"ኦቨን መብራት ይበላል" ላልከኝ ባልደረባዬ፦ የእንጀራ ምጣድህ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የኔ ኦቨን 2 ነው፣ ያውም ሙቀቱን ሲይዝ እየቆረጠ። ሂሳቡን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሠራልሃል። ስለ በጉ ዋጋ ካነሳህ ግን እጄን ሰጥቻለሁ። በአስተማሪ ደሞዝ ሙሉ በግ የት ይገኛል? ከጎረቤት ጋር ለአራት ተካፍለን ነው።

"ሴታሴት" ያልከኝ ደግሞ አንድ ነገር ንገረኝ። ሆቴል ውስጥ ነጭ ኮፍያ አድርጎ የሚያበስለው ወንድዬ "ሼፍ" ይባላል፣ ፎቶ አብረኸው ትነሳለህ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያበስል ነው ስሙ የሚቀየረው?

ኧረ ዶሮ ወጥ ይቅር አላልኩም። እኔም እወደዋለሁ። የምለው፣ አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ሌላው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት በዓል ከሆነ ወይ ተነስተን ሽንኩርቱን እንክተፍ፣ ወይ ሌላ ምግብ ይሠራ ነው።

እናቴም መጀመሪያ በስልክ ተቆጥታኛለች። ማክሰኞ መጣችና የተረፈውን አሞቅሁላት። "ጨው አንሶታል" አለች። ትንሽ ቆይታ "እስቲ ድንቹን ጨምርልኝ" አለች።

አንተ የድሮ ተማሪዬ፣ ኮሜንትህን አላጠፋሁትም። እናትህን የፋሲካ ዋዜማ ስንት ሰዓት እንደተኛች ጠይቃትና እዛው ስር ጻፍልኝ።