ለልጆች ጀብዱ ማን ይክፈል?

ባለፈው ሳምንት ጎጃም በረንዳ ቆሜ ጫማዬን አስጠርግ ነበር። ሊስትሮው ከአሥራ ሁለት ዓመት አይበልጥም። አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ልጅ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ በሁለት እጁ ይዞ አፉን ከፍቶ ያያል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ካርቱን ነው፣ በእንግሊዝኛ። አንድ ልጅ በትር ይዞ ከዘንዶ ጋር ይፋለማል።

"የሚሉት ይገባሃል?" አልኩት።

"አይገባኝም። ግን ልጁ እንደሚያሸንፍ አውቃለሁ" አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

"በአማርኛ የልጆች ፕሮግራም አታይም እንዴ?"

ሊስትሮው ቀድሞ መለሰልኝ፦ "እሱማ ብሮ፣ መጨረሻ ላይ እጅህን ታጠብ ነው የሚልህ።"

ሳቅኩ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ የተናገረው ቀልድ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር ደጋግመው የነገሩኝን ነገር ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰው፦ ዕቃው ምን እንደሚመስል የሚወስነው ሒሳቡን የሚከፍለው ነው።

እኔም እዚያው አካባቢ ነው ያደግኩት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበረ። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ ወንበሩ ረጅም አግዳሚ፣ መግቢያው 1 ብር። ውጭ ኩንታል ይወርዳል፣ ጋሪ ገፊዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ ይጮኻሉ፤ ውስጥ ደግሞ ሠላሳ የምንሆን ልጆች ተጠባብቀን ትርጉም ፊልም እናያለን። አንድ ሰው ብቻውን ጀግናውንም፣ ጠላቱንም፣ ንግሥቲቱንም ሆኖ በአማርኛ ያወራል። ጋሼ፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ልክ ሰይፍ ሲመዘዝ ፊልሙን ያቆምና "አንድ አንድ ብር ጨምሩ!" ይላል። እንጨምራለን። ዳቦ መግዣችንን ነበር የምንጨምረው።

ዲሽ ያለው ጎረቤት ቤት ደግሞ በዓረብሳት ስፔስቱንና ኤምቢሲ 3 እናይ ነበር። አንድም ቃል ዓረብኛ የማንችል ልጆች የካርቱኑን መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓረብኛ እንዘፍነው ነበር። ያኔ ያስቀን ነበር። አሁን ሳስበው ግን የእኛ ትውልድ ጀግንነትን በሌላ ሰው ቋንቋ ነው ያየው። ጀግና ማለት አማርኛ የማይናገር ሰው ማለት መስሎን ነው ያደግነው።

የራሳችን ነገር አልነበረንም ልል አይደለም። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። በሐምሌ 2009 ሲያርፉ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አብረው ነው ያዘኑላቸው። የእሳቸውም ተረት ምክር ነበረው። ግን መጀመሪያ የሚመጣው ተረቱ ነበር።

ከዚያ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" መጣች። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር አሻንጉሊቶቹን ከካልሲ እየሠሩ፣ ሳሎናቸው ውስጥ እየቀረጹ የጀመሩት ፕሮግራም ነው። ቀጭኔዋ ፀሐይ በሀገሪቱ ከሚታወቁ ፊቶች አንዷ ሆነች፤ ብሩክታዊትም እ.ኤ.አ. በ2010 ከሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ነበረች። እነዚሁ ሰዎች በኋላ "ጥበብ ገርልስ" የተባለውን አኒሜሽን ሠሩ። ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ናቸው፤ ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ሴት ልጅን የሚጎዱ ልማዶችን ይታገላሉ። ለእኔ ወደ ፋንታሲ ጀብዱ በጣም የቀረበው የሀገር ውስጥ ሥራ ይሄ ነው።

እና ችግሩ የቱ ጋ ነው? ችሎታው ጋ አይደለም። ከካልሲ ቀጭኔ የሠራ ሰው ከምንም ነገር ዘንዶ ይሠራል። ችግሩ ከፋዩ ጋ ነው። በሀገራችን ጥሩ ለተሠራ የልጆች ፕሮግራም ገንዘብ የሚገኘው በአብዛኛው ለጤና፣ ለትምህርት ወይም ለሴት ልጆች መብት ከሚሠሩ ድርጅቶች ነው። ድርጅት ገንዘብ ሲሰጥ ውጤት ይጠይቃል፤ ስንት ልጅ እጁን ታጠበ፣ ስንት ልጅ ትምህርት ቤት ቆየ ይላል። "ስንት ልጅ ሌሊት ዘንዶውን እያሰበ እንቅልፍ አጣ?" ብሎ የሚጠይቅ የሪፖርት ቅጽ የለም። ስለዚህ ጀግኖቻችን ሁሌ ሥራ ላይ ናቸው። ዝም ብሎ ጀብዱ የሚሄድ ጀግና የለንም።

እጅ መታጠብ ሕይወት ያድናል፣ ያለዕድሜ ጋብቻን ማስቆምም እንደዚያው። እነዚህ ድርጅቶች ባይከፍሉ ጭራሽ ምንም አይኖረንም ነበር፤ እነሱን መውቀስ ግፍ ነው። የምወቅሰው ሌላ ከፋይ አለመኖሩን ነው።

ጣቢያዎቻችን ለምን አይከፍሉም? ሒሳቡ ቀላል ነው። የውጭ ሥራ መብት ገዝቶ በአማርኛ ድምፅ መቅዳት ከዜሮ ተነስቶ ከመሥራት በብዙ ይረክሳል። ቃና እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያሳየን ይህንኑ ነው። ማስታወቂያም አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ ጣቢያዎች ትልቅ ገቢ አጡ። አዋጁን እደግፋለሁ። ግን ቢራ ሲከፍል እንኳ ለልጆች ያልሠራ ጣቢያ፣ ቢራው ከሄደ በኋላ ይሠራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ልጅ ደግሞ ገንዘብ የለውም።

"ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ባለበት ሀገር ስለ ዘንዶ ማውራት ቅንጦት ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ግን ያ ልጅ ዘንዶውን እያየ ነው እኮ! በማይሰማው ቋንቋ፣ በተሰነጠቀ ስልክ፣ በራሱ ካርድ። ፍላጎቱ ቅንጦት ቢሆን ኖሮ ዳታውን አይጨርስበትም ነበር። ትምህርት ቤት መግባት አለበት፣ አዎ። ከትምህርት ቤት ሲመለስስ ምን ይይ?

ደግሞ ጀብዱ አያስተምርም ያለው ማነው? "አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር" 61 ክፍል አለው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሕዝቡ በጦርነት የተጨፈጨፈበት፣ ብቻውን የቀረ ልጅ ነው። የክፍሉ መጨረሻ ላይ ወጥቶ "ልጆች፣ ጦርነት መጥፎ ነው" የሚል ሰው የለም። ግን ያየው ልጅ ሁሉ ገብቶታል። ጦርነት በቅርቡ ባየች ሀገር ውስጥ ለሚያድጉ ልጆች እንዲህ ዓይነት ተረት ከመመሪያ በላይ ይናገራል።

ጥሬ ዕቃውም ሞልቶናል። ስንዝሮ አለ፣ ጣት የማታህል ልጅ ከሱ የሚበልጡትን ሁሉ በብልጠት የሚረታ። አርዌ አለ፣ በአፈ ታሪካችን ሀገር ይገዛና ግብር ይበላ የነበረ ዘንዶ፤ አንጋቦ የሚባል ሰው እስኪገድለው ድረስ። ይሄ እኮ ሙሉ ተከታታይ ድራማ ነው! ዛምቢያዊቷ ማሌንጋ ሙሌንዴማ ሉሳካን የጀግኖች ከተማ አድርጋ "ሱፓ ቲም 4"ን ስትፈጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔትፍሊክስ አሳየው። ዲዝኒ በ2024 ሌጎስን የወደፊት ከተማ ያደረገውን "ኢዋጁ"ን አወጣ። አዲስ አበባ ምን ይጎድላታል?

እኔ የማስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የልጆች ተረት እንደ መንገድ መብራት ነው፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ብቻውን የሚከፍልበት ግን አይገኝም። እንዲህ ላለ ነገር የጋራ ኪስ ያስፈልጋል። እንግሊዝ እንኳ ከ2019 እስከ 2022 የመንግሥት ገንዘብ መድባ ለልጆችና ለወጣቶች ፕሮግራም የሚሆን ፈንድ ሞክራለች። የእኛም የሕዝብ ጣቢያ ከበጀቱ ትንሽ ቆርጦ፣ ምክር የማስገባት ግዴታ የሌለበት አንድ የልጆች ድራማ በየዓመቱ በውድድር ቢያሠራ ያንስበታል?

ሁለተኛው ከቪዲዮ ቤቱ የተማርኩት ነው። ጋሼ ሠላሳ ልጅ አንድ አንድ ብር እያስከፈለ ቤቱን አቁሞ ነበር። ዛሬ አግዳሚው ቴሌግራምና ዩቲዩብ ነው፣ መክፈያው ቴሌብር። ለምሳሌ 50,000 ሰው ለአንድ ክፍል 10 ብር ቢከፍል ግማሽ ሚሊዮን ብር ነው። ይሄ አኒሜሽን ለሚሠሩ ወጣቶች መነሻ ይሆናል። ከፋዩ እኛ ነን፤ ያኔ አንድ ብር እየጨመርን ያደግን፣ አሁን ደሞዝ የምናገኝ። ለታናናሾቻችን 10 ብር አይከብደንም። በነፃ ከቻናል ወደ ቻናል መገልበጡን ብንተው ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄድን ማለት ነው።

ጫማዬ ተጠርጎ ሲያልቅ ትንሹ ልጅ ገና እያየ ነበር። ዘንዶው ወድቋል። "አላልኩህም?" አለኝ።

"ምን አለ ልጁ ካሸነፈ በኋላ?" ብዬ ጠየቅኩት።

ትከሻውን ነቀነቀና "እኔ እንጃ፣ በእንግሊዝኛ ነው ያለው" አለኝ።