ትንሽ ሳጥን የሚያስከፍለው ትልቅ ኪሳራ

«የድመት መጸዳጃ ሳጥን ደግሞ ንግድ ሆኖ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። በእኛ አገር ድመት አይጥ ትያዝ እንጂ መጸዳጃዋን የሚያስብላት የለም፤ ጓሮ ወጥታ፣ አፈር ቆፍራ፣ ሸፍና ትመለሳለች። ድመቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትኖር ግን ጓሮ የለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ ሳይወጡ የሚኖሩ ድመቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ አፈሩ በገንዘብ ተገዝቶ ወደ ቤት ይገባል።

የገበያው አጀማመር ለነጋዴ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በሚቺጋን ግዛት፣ ካሶፖሊስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ኤድ ሎው የሚባል ወጣት እርጥበት የሚመጥ ሸክላ አፈር ለፋብሪካዎች ይሸጥ ነበር። አንዲት ጎረቤቱ ለድመቷ አሸዋ ብትጠይቀው ያንን ሸክላ ሰጣት። ወደደችው፤ ደግማም መጣች። ሰውየው በየከረጢቱ 5 ፓውንድ ሞልቶ፣ «ኪቲ ሊተር» የሚል ስም ጽፎበት፣ በ65 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። አሸዋ በምንም በሚገኝበት አገር አፈር ሸጦ ከበረ፤ ድርጅቱንም እ.ኤ.አ. በ1990 ሸጠው። ብልሃቱ ምን ነበር? የደንበኛዋን ችግር መስማቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ አፈሩ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዛሬ እርጥበት ሲነካው ተጓጉሎ በመጥለፊያ የሚወጣ ቤንቶናይት በሰፊው ይሸጣል። በሳጥኑ በኩል ግን መደርደሪያውን የያዘው አሁንም ርዝመቱ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው፣ ለአማካይ ድመት የተሠራው ዕቃ ነው።

አማካይ ያልሆነውስ? ከአሜሪካ ሜይን ግዛት የመጣው ሜይን ኩን የተባለው ዘር ወንዱ እስከ 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያን ውስጥ የተለካው ባሪቬል የተባለ ድመት ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በዓለም ድንቃድንቅ መዝገብ ሰፍሯል።

የእንስሳት ሐኪሞች ምክር ግልጽ ነው። የሳጥኑ ርዝመት ከድመቷ አፍንጫ እስከ ጭራዋ መነሻ ካለው ርቀት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን ይላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ድመት 90 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ያስፈልጋል። 50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የገባ ድመት መዞር አይችልም፤ እግሩ ውስጥ ሆኖ ኋላው ውጭ ይቀራል፤ ወለሉም ይበላሻል። ከሳጥን ውጭ መጸዳዳት ድመቶች ከቤት ተባርረው ወደ መጠለያ ከሚሰጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። እርግጥ የሽንት ሕመምም ይህንኑ ያመጣልና አስቀድሞ ሐኪም ማየት ይገባል። ሐኪሙ «ጤነኛ ነው» ካለ ግን ጥፋቱን ከድመቱ ይልቅ ከሳጥኑ መፈለግ ነው።

ታዲያ የትልቅ ድመት ባለቤት ምን ያደርጋል? ከድመት ዕቃ መሸጫው ወጥቶ ወደ ቤት ዕቃ መደብር ይሄዳል። ብርድ ልብስና የክረምት ልብስ የሚቀመጥበትን ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ይገዛል፤ ክዳኑን ይተወዋል፤ አንዱን ጎን መሬት ላይ ከሚያርፈው በኩል 12 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ ለመግቢያ ይቆርጠዋል፤ ሻካራውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። የቀሩት ሦስት ጎኖች ከፍ ስለሚሉ አፈሩ ወደ ውጭ አይረጭም። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህ «ተተኪ ሸቀጥ» ይባላል፤ ተተኪው ሲመጣ ዋናው ሻጭ ቆሞ ያያል።

ለአምራቹም እንፍረድ። ትልቅ ሳጥን አዲስ ቅርጽ ማውጫ ይፈልጋል። ባዶ ሳጥን ደግሞ አየር ነው፤ የማጓጓዣ ኪራይ የሚከፈለው ለአየር ይሆናል፤ መደርደሪያም ያጣብባል። የትልቅ ድመት ባለቤት ቁጥሩ ጥቂት ነው ተብሎ መተዉ በዚህ ስሌት ትክክል ይመስላል።

ስሌቱ ግን ጎዶሎ ነው። ሳጥን አንዴ ይገዛል፤ አፈር ግን በየወሩ። 90 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አፈር ለማንጠፍ ወደ 20 ሊትር ይፈጃል፤ ግማሽ ለምታክል ሳጥን ግማሹ ይበቃል። እንግዲህ ትልቁን ሳጥን በመጣበት ዋጋ እንኳ ቢሸጥ፣ ነጋዴው ለዓመታት በእጥፍ አፈር የሚገዛ ደንበኛ ያገኛል። መላጫውን አርክሶ ምላጩን በትርፍ መሸጥ የቆየ ብልሃት አይደለም እንዴ? ሳጥኑን ሌላ ሱቅ የገዛ ሰው ግን አፈሩንም እዚያው አንስቶ ይሄዳል። የጠፋው ሽያጭ አንድ ሳጥን መስሎ ይታያል፤ የሄደው ግን ደንበኛው ነው።

አዲስ አበባ ላይ የድመት ሳጥን አስመጡ ማለታችን አይደለም። ፎቅ ላይ ድመት የሚያሳድግ ሰው ሜትር ይዞ ድመቱን ለክቶ ሰፊና ጥልቅ የልብስ ሳፋ ቢገዛ ይበቃዋል። ለነጋዴው የምንለው ግን ሌላ ነው። እግሩ 46 ቁጥር የሆነ ሰው መርካቶን ዞሮ «ይሄ ቁጥር የለም» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? ረጅሙ ሰው አልጋ፣ ወፍራሙ ሰው ኮት ሲፈልግስ? አስመጪው ሁሉ አማካዩን ይዞ ይመጣና እዚያው ላይ ዋጋ እየሰበረ ይጋፋል፤ ዳር ያለው ገዢ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል። ያ ገዢ ልኩን ያገኘ ዕለት ዋጋ አይከራከርም፤ ሱቁንም አይረሳም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጭነት ከመቶው ዕቃ አምስቱን ለዳረኛው ገዢ መድቡ። «የለም» ብላችሁ የመለሳችሁትንም ሰው ሁሉ በደብተር መዝግቡ፤ ከወር በኋላ ያ ዝርዝር ምን ማዘዝ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።