ከሙሌቱ በፊት ያለው ሥራ

ጥርስ ሊያስሞላ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ነው? ነጩ ነው ወይስ ጥቁሩ? ክሊኒኮችም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋ የሚያወጡት በቁሱ ስም ነው። ነጩ ኮምፖዚት ይህን ያህል፣ ጥቁሩ አማልጋም ይህን ያህል፤ ብራንዱ ስም ያለው ከሆነ ደግሞ ጭማሪ ይኖረዋል። እኔ የምለው፣ ለሙሌቱ ዕድሜ ከቁሱ ይልቅ ወሳኞቹ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው የማይጻፍ ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ጥርሱን ከምራቅ መነጠል ነው። ሁለተኛው የተበላውን የጥርስ ጎን መልሶ ለመገንባት ጊዜያዊ ግድግዳ፣ ማለትም ማትሪክስ፣ ማቆም ነው። ከጥቁሩ ወደ ነጩ ስንሸጋገር የሁለቱም አሠራር አብሮ መለወጥ ነበረበት። በብዙ ቦታ የተለወጠው ግን ቁሱ ብቻ ነው።

አማልጋም ቻይ ነው። ሜርኩሪና የብር ቅይጥ ዱቄት ተለውሶ ጉድጓዱ ውስጥ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ከጥርሱ ጋር አይጣበቅም፤ የሚይዘው አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ የተቦረቦረው ጉድጓድ ነው። ዚንክ ያለበት ዓይነት እርጥበት ሲነካው ከቀናት በኋላ ማበጡ ቢታወቅም፣ በአጠቃላይ ትንሽ ምራቅ ቢደርስበት ሥራው ሁሉ ከንቱ አይሆንም።

ኮምፖዚት ግን ሕይወቱ በማጣበቂያው ነው። ሚካኤል ቦኖኮር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢናሜልን፣ ማለትም የጥርስን ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ በፎስፎሪክ አሲድ ማሻከር ፕላስቲክ መሰል ቁስ እንዲጣበቅበት እንደሚያደርግ አሳየ። አሲዱ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ፈሳሹ ሬዚን ይገባባቸዋል፤ በብርሃን ሲደርቅ ሥር እንደሰደደ ሆኖ ይቀራል። በአሲዱና በሬዚኑ መካከል ባለው ጊዜ ምራቅ ቢነካው በሰከንዶች ውስጥ የምራቁ ፕሮቲን ቀዳዳዎቹን ይለብጣቸዋል። ሬዚኑ የሚያርፈው እንግዲህ ጥርሱ ላይ ሳይሆን በዚያ ስስ ልባስ ላይ ነው።

ክፋቱ ይህ ጥፋት በዕለቱ አለመታየቱ ነው። ሙሌቱ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ ከጥርሱ ጋር ተመሳስሏል፣ ታካሚው በመስተዋት አይቶ አመስግኖ ይሄዳል። ከወራት በኋላ በጠርዙ ቡናማ መስመር ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ማንዘር ይጀምራል፤ ከሙሌቱ ሥር አዲስ መቦርቦር ይገኛል። ያኔ የሚወቀሰው ቁሱ ነው። «ነጩ አይበረክትም» የሚለው ወሬ ከፊሉ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ምራቅን ማሸነፍ ቀላል አይደለም። ሰውነታችን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ያመነጫል። ዋና ዋና መውጫዎቹ ደግሞ ሐኪሙ ከሚሠራበት ቦታ አጠገብ ናቸው፤ አንዱ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ትይዩ ጉንጩ ላይ፣ ሌላው ከምላስ ሥር። ጥቅል ጥጥ የሚቀመጠውም እነዚህን መውጫዎች ለመድፈን ነው። ላይኛው ጥርስ ላይ፣ ምራቅ መምጠጫውን (ሳክሽን) የሚይዝ ረዳት ካለ፣ ጥጥ በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የታችኛው መንጋጋ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ በኩል ምላስ ይገፋል፣ በሌላ በኩል ጉንጭ ይጫናል፣ ትንፋሹ ያረጥባል። ጥጡ ሲርስ መቀየር አለበት፤ ምራቅ የሚያመልጠውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያች የመቀየሪያ ቅጽበት ነው።

መፍትሔው ሽማግሌ ነው። ሳንፎርድ ክሪስቲ ባርነም የተባለ የኒውዮርክ የጥርስ ሐኪም መጋቢት 15 ቀን 1864 ስስ ጎማ በስቶ በታካሚው መንጋጋ ላይ አጠለቀ፤ ግኝቱንም ለሙያ ባልደረቦቹ በነጻ ሰጠ። ዛሬ ራበር ዳም የምንለው እርሱን ነው። ጎንና ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ በመብሻ ይበሳል፤ ለመንጋጋ ሰፋ፣ ለፊት ጥርስ ጠበብ ተደርጎ። ክላምፕ የሚባለው የብረት መቆንጠጫ ጥርሱን ከጉብታው በታች፣ ከድዱ አጠገብ ይይዛል። ጎማው በየጥርሱ መካከል በጥርስ ክር እየተገፋ ይወርዳል፤ ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም የቀዳዳው ጠርዝ በጥርሱ አንገት ዙሪያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህ ካልተደረገ ምራቁ በጎን ይሰርጋል፤ ጎማውም ለጌጥ የተቀመጠ ይሆናል። በትክክል ሲወጠር የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው፤ ምላስም ጉንጭም ከመጋረጃው ጀርባ ይቀራሉ። የወደቀ ብረት ወይም የተሰበረ ሙሌት ወደ ጉሮሮ አይገባም። ታካሚው ማውራት አለመቻሉንም አንዳንድ ሐኪሞች ከጥቅሞቹ ይቆጥሩታል።

ታዲያ ለምን ብዙዎች አይጠቀሙበትም? የሚሰጡት ምክንያት ጊዜ ይፈጃል፣ ታካሚ አይወደውም የሚል ነው። የለመደ እጅ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ጥጥ ሲቀያየር የሚባክነውም ጊዜ ነው። የላቴክስ አለርጂ ላለበት ሰው ላቴክስ የሌለበት ዓይነት አለ። በሌላ በኩል የጎማው ሰባኪዎችም ማጋነን ይወዳሉ። በ2014 የወጣ የታይዋን ጥናት ሩት ካናል የተሠራላቸውን ከ500 ሺህ በላይ ጥርሶች ተከታትሎ፣ ጎማ ከተደረገላቸው 90.3 በመቶው፣ ካልተደረገላቸው 88.8 በመቶው መትረፋቸውን አሳይቷል። ልዩነት አለ፤ የሰማይና የምድር ያህል ግን አይደለም። ሙሌትን በተመለከተ የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ያካሄደው የጥናቶች ግምገማም ጎማ የተደረገባቸው በስድስት ወር ውስጥ የመበላሸት ዕድላቸው ሊያንስ እንደሚችል ቢጠቁምም፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑን አልሸሸገም። እኔ ከዚህ የምወስደው ሐኪሙ ተጠያቂ የሚሆነው ለድርቀቱ እንደሆነ ነው። በጥጥ ማድረቅ የሚችልበት ቦታ ካለ ያድርቅ። በታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ላይ ያለ ረዳት በጥጥ አደርቃለሁ የሚለኝን ግን አላምነውም።

ማድረቅ ፈጽሞ በማይቻልበት ቦታ ደግሞ ኮምፖዚት መሙላት ራሱ ስሕተት ነው። ታንዛንያ ውስጥ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ኤ አር ቲ የተባለው ዘዴ የተነሣው ይህን ከመቀበል ነው። መብራትና መሰርሰሪያ በሌለበት የበሰበሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ ይወጣና እርጥበትን ከኮምፖዚት በተሻለ በሚታገሥ ግላስ አዮኖመር ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ድጋፉን ሰጥቶታል። ባልደረቀ ጥርስ ላይ ከተለጠፈ ውድ ኮምፖዚት ይልቅ በአግባቡ የተሠራ ግላስ አዮኖመር ይሻላል ብል ብዙ ክሊኒኮች ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው።

ወደ ማትሪክሱ እንምጣ፤ እኔ ከምራቁም በላይ ቸል የተባለው ይህ ይመስለኛል። መቦርቦሩ በሁለት ጥርሶች መካከል ሲሆን የጥርሱ አንድ ጎን ጠፍቷል። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ጣውላ እንደሚገጠም ሁሉ፣ እዚህም በጥርሱ ዙሪያ ስስ የብረት ጥብጣብ ይቆማል። ቤንጃሚን ቶፍልማየር በ1946 ያስተዋወቀው መያዣ ጥብጣቡን በጥርሱ ዙሪያ ጠቅልሎ በብሎን ያጠብቀዋል፤ ለአማልጋምም እንከን የለውም ማለት ይቻላል። አማልጋም ሲጠቀጠቅ ጥብጣቡን ገፍቶ ከጎረቤት ጥርስ ጋር ያስጠጋዋልና። ኮምፖዚት ግን ለስላሳ ነው፤ አይገፋም። ሲደርቅ እንዲያውም ይኮማተራል።

እዚህ ላይ አንዲት የማትታይ ሒሳብ አለች። ጥብጣቡ 0.04 ወይም 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ሙሌቱ ከደረቀ በኋላ ጥብጣቡ ሲወጣ ያ ውፍረት ክፍተት ሆኖ ይቀራል። ክፍተቱን የሚዘጋው ሽብልቅ ነው። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ከድዱ በላይ የሚገባ ይህ ትንሽ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ጥብጣቡን ከጥርሱ ጠርዝ ጋር አጣብቆ ሙሌቱ ወደ ድዱ እንዳይፈስ ያግዳል፤ በዚያውም ጥርሶቹን በጥቂቱ ያራርቃቸዋል። ጥርስ አጥንቱ ላይ የቆመው በጅማት ስለሆነ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ሽብልቁ ሲነሣ ወደ ቦታው ይመለስና ክፍተቱን ይዘጋል። ሽብልቁ ከላላ ይህ ሁሉ አይሆንም። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት በኮምፖዚት ሥራ ላይ ሙሉ ዙሪያውን ከሚጠቀለለው ጥብጣብ ይልቅ ቅርጽ ተሰጥቶት የተቆረጠ ከፊል ጥብጣብ ጥርስ ከሚያራርቅ ቀለበት ጋር የጠበቀ ንክኪ እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። ቀለበቱ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን በተደጋጋሚ የሚያገለግል ዕቃ ነው።

ንክኪው የላላ ሙሌት ያለው ሰው ራሱን ያውቃል። የፋሲካ ዕለት ቁርጥ በልቶ ስቴኪኒ ከእጁ የማይለይ፣ ሁልጊዜም በዚያው ቦታ የሚጎረጉር እርሱ ነው። ሥጋው ድዱ ላይ ይሰነቀራል፤ ድዱ ያብጣል፤ ከጊዜ በኋላ ጎረቤት የሆነው ጤነኛ ጥርስም ይቦረቦራል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጠርዙ ተርፎ ድዱ ሥር የገባ ሙሌት አለ፤ ብሩሽ የማይደርስበት የቆሻሻ መደርደሪያ ማለት ነው።

አማልጋም እየወጣ ነው። የሚናማታ ስምምነት በ2013 ከጸደቀ ወዲህ አገሮች ከሜርኩሪ እየራቁ ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ከልዩ የሕክምና ምክንያት በቀር አጠቃቀሙን አግዷል። ቻዩ ቁስ ሲሄድ የሚቀረው ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው፤ ክፍያው ግን አሁንም የሚሰላው በተሞላ ጉድጓድ ቁጥር ነው። ጎማ ወጥሮ፣ ቀለበት ገጥሞ አንድ ሰዓት የሠራውና በሃያ ደቂቃ የለጠፈው እኩል ከተከፈላቸው፣ የመጀመሪያው እስከ መቼ እንደሚታገሥ አላውቅም። ማኅደሩ ላይ ከቁሱ ስም ጎን በምን እንደደረቀና ጎኑ በምን እንደተሠራ ቢጻፍ፣ ዋጋውም ይህን ቢያካትት ቀላል ጅማሬ ነው።

ታካሚውም የሚያደርገው አለ። ከወንበሩ ሳይነሣ የጥርስ ክር በአዲሱ ሙሌትና በጎረቤቱ መካከል እንዲገባለት ይጠይቅ። ክሩ ትንሽ ታግሎ «ጠቅ» ብሎ መግባት አለበት። ያለ ምንም ትግል ካለፈ ንክኪው ላልቷል፤ ሲወጣ ከተበጣጠሰ ጠርዙ ሻካራ ነው ወይም ተርፏል። የተረፈው ጠርዝ እዚያው ሊሞረድ ይችላል። የላላው ግን ያ ጎን ተነሥቶ፣ ሽብልቁ ጠብቆ፣ እንደገና መሞላት አለበት፤ ያንንም ለመጠየቅ ከክፍያው በፊት ያለችው ጊዜ ትሻላለች።