ፎርክሊፍትና እግረኛ በአንድ መተላለፊያ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየመጋዘኑ ስለሚደርሰው የፎርክሊፍት አደጋ ጥቂት ቃል ለማቅረብ ስለ ፈለግሁ፤ በጋዜጣዎ አንድ ጥግ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህ መኪና የወዛደሩን ጫንቃ ከብዙ ሸክም ማሳረፉ የማይካድ ነው። ዳሩ ግን አደጋ በደረሰ ቁጥር «ተጎጂው አላየም» ወይም «ነጂው ቸኩሎ ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። የመተላለፊያው ነገር ለምን አይጠየቅም?

ፎርክሊፍት እንደ ሌላው መኪና አይደለም። መሪው የሚያዞረው የኋላውን ጎማ ስለ ሆነ፤ ፊቱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ያም ጭራ ለጭነቱ ሚዛን ተብሎ የተሠራ ከባድ ብረት ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚያነሣው መኪና ባዶውን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። ከፊት ደግሞ ከፍ ብሎ የተደረደረው ጭነት የነጂውን ዓይን ይጋርዳል። እንግዲህ ጆንያ ተሸክሞ አንገቱን የደፋ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ፤ ማን ማንን ያያል?

ባለፈው ዓመት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መጋዘን ይኸው ደረሰ። መኪናው ሲዞር ጭራው አንዱን ተሸካሚ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ጭኑን ሰበረው። ጓደኞቹ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሱት፤ እኛም መዋጮ አዋጣን። በማግሥቱ ሥራው በዚያው መተላለፊያ ቀጠለ። በመዝገብ ግን አንዲት መስመር አልተጻፈችም፤ ልጁ የቀን ሠራተኛ ነው ተባለና።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያዛል። ተጎጂው በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዙን፤ በሚከተሉት 3 ወሮች ከመቶ 75 የማያንስ፤ በቀሩት 6 ወሮች ከመቶ 50 የማያንስ እንዲከፈለው ተደንግጓል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ይህን ሁሉ በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

የምንለምነው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የእግረኛው መሄጃ በቢጫ ቀለም ይሰመር፤ ቢቻል በብረት ይታጠር። ቦታው ጠባብ ከሆነ ሰዓት ይከፈል፤ ተሸካሚዎች ሲገቡ መኪናው ይቁም። ሰውን በሹካው ላይ አቁሞ ወደ ላይኛው ድርድር ማንሣትም (ስንት ጊዜ እንዳየሁት ባልቆጥረው ይሻላል) ፈጽሞ ይከልከል። የቀን ሠራተኛውም ስም ገና በበሩ ሲገባ ይጻፍ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመጋዘን ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ