የልጅ ጨዋታና የአባት ድርሻ



ባለፈው ክረምት የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ መማር ጀምሮ፥ የጽሑፍ ጀብዱ ጨዋታ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ይህ ጨዋታ ሥዕል የለበትም። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹ የቆመበትን ስፍራ በጽሑፍ ይገልጽለታል፤ ተጫዋቹም «ምሥራቅ ሂድ»፥ «በር ክፈት» እያለ ትእዛዝ ይጽፍለታል። ልጁ ያሰበው አርባ ክፍል ያለው ቤተ መንግሥት ነበረ። በዐሥረኛው ቀን ግን ሥራው ተወሳስቦበት ደብተሩን ከድኖ ዝም አለ። እኛ አስቀድመን «ጨዋታ እንጀራ አይሆንም» ብለነው ስለ ነበረ፥ ችግሩን ሊያወያየን አልደፈረም።

ኋላ የዚህን ጨዋታ አጀማመር ብናነብ አፈርን። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1975 እና በ1976 ዓ.ም. ገደማ፥ ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ከሚስቱ ተለያይቶ ነበርና፥ ሴቶች ልጆቹ የሚጫወቱበትን ነገር ሊያዘጋጅላቸው ወደደ። እርሱም በኬንታኪ አገር የሚገኘውን የማሞት ዋሻ እየመረመረ ካርታ ያነሣ ሰው ስለ ነበረ፥ ያንኑ የሚያውቀውን ዋሻ በቃላት ሠራላቸው። የተጫዋቹም ትእዛዝ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል አያልፍም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ዶን ዉድስ የሚባል ሌላ ሰው ጨዋታውን አስፋፋው።

ስለዚህ ልጃችንን ጠርተን «እንደዚያ ሰው ከምታውቀው ቤት ጀምር» አልነው። አርባው ክፍል ወደ ሦስት ወረደ፤ ይኸውም ደጅ፥ እልፍኝና ጓዳ ነው። ኮምፒዩተሩን ሳይነካ ሦስቱን ክፍሎች በወረቀት ላይ ሣለ፤ በሮቹንም በመስመር አገናኘ። ጓዳው ጨለማ ነውና ፋኖስ ያልያዘ አይገባበትም። ፋኖሱ በደጅ፥ ቁልፉ በጓዳ፥ የተቈለፈው ሣጥን በእልፍኝ ነው። ለመጀመሪያ ጨዋታ ይህ ይበቃል።

ከዚያም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሥዕሉን ወደ መዝገብ አዞረው። በመዝገቡ የእያንዳንዱ ክፍል ስም፥ መግለጫ፥ መውጫና በውስጡ ያለው ዕቃ ይጻፋል። አስቀድሞ ልጁን ያሰናከለው ለየክፍሉ ልዩ ፕሮግራም መጻፉ ነበረ። አሁን ግን ቤቱ በመዝገብ፥ ደንቡ በፕሮግራም ስለ ተለየ፥ ዐዲስ ክፍል መጨመር በመዝገቡ ላይ መጻፍ ብቻ ሆነ። ፕሮግራሙም አንድ ዓይነት ሥራ ይደጋግማል፤ ስፍራውን ይገልጻል፥ ትእዛዙን ይቀበላል፥ መዝገቡን ያያል፥ የሆነውን ይናገራል።

ሥራው ባለቀ ጊዜ የመጀመሪያው ተጫዋች እኛ ሆንን። «ፋኖስ አንሣ» ብለን ብንጽፍ «ስሕተት» ብሎ መለሰልን። ሦስት ጊዜ ጻፍን፤ ሦስት ጊዜም ስሕተት ተባልን። ልጁም እየፈራ «አባባ፥ እርስዎ በንጉሡ ሠ ጻፉ፤ እኔ ያስገባሁት በእሳቱ ሰ ነው» አለን። በቤታችን ስለ ፊደል ስንቈጣ የኖርን እኛ ነበርንና፥ ትክክል ጽፎ ስሕተት መባል ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ቀመስነው።

መድኃኒቱ ይህ ነው። ትእዛዙ ከመመርመሩ በፊት ሠ ወደ ሰ፥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ ይመለስ። ኮምፒዩተር ግእዙንና ካዕቡን እንደ ልዩ ልዩ ፊደል ስለሚቈጥር፥ ሰባቱም በየራሳቸው ይመዝገቡ። «ፋኖስ» ያለውም «ፋኖሱን» ያለውም ይስተናገድ። ያልታወቀ ቃል ሲመጣም «ስሕተት» ከማለት ይልቅ «ይህን አላወቅሁም፤ ሂድ ወይም አንሣ ብለው ይሞክሩ» ይበል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ጨዋታ ልሥራ ቢላችሁ የመጀመሪያ ተጫዋች ሁኑለት። የሠሪው ጉድለት የሚገለጠው ሌላ ሰው ሲጫወት ነውና፥ ስትሳሳቱ ይመልከታችሁ። የእኛ ልጅ አሁን አራተኛውን ክፍል፥ ማድቤቱን፥ ጨምሯል። ትናንት ማታም ሳንጠይቀው «አባባ፥ ይምጡና ይሞክሩልኝ» ብሎ ጠራን።