መልእክትን አንብቦ መልስ ስለ መስጠት

ንግድ በቃል የሚቆም ሥራ ነው። ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ሲገናኙ ቃሉ ወዲያው ይሰማል፥ መልሱም ወዲያው ይሰጣል፤ ሻጩ ዝም ቢል እንኳ ዝምታው ከፊቱ ስለሚነበብ ገዥው ነገሩን ተረድቶ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። ተራርቀው በሚነጋገሩበት ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጠየቀው ሰው መልእክቱ ደርሶ እንደ ሆነ፥ ደርሶም ተነብቦ እንደ ሆነ፥ ተነብቦም ተንቆ ወይም ተረስቶ እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ ይቸግረዋል። ዛሬ በአዲስ ከተማ በመርካቶ ገበያ የሚነግዱ ብዙ ሰዎች ከክፍለ ሀገር ደንበኞቻቸው ጋራ በእጅ ስልክ እየተጻጻፉ የሚገበያዩ ስለ ሆነ፥ ይህ ጉዳይ ሊታሰብበት የተገባ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. ባቋቋሙ ጊዜ፥ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. በዓለም የፖስታ ኅብረት ውስጥ በገባች ጊዜ፥ የታሰበው ደብዳቤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በደኅና እንዲደርስ ነበረ። ደብዳቤው ግን በኢትዮጵያ ልማድ እስከ ቤት ደጃፍ አይሄድም፤ በፖስታ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። የአደራ ደብዳቤ ወይም ጥቅል የመጣለት ሰው በሣጥኑ የሚያገኘው አንዲት የማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ነው፤ እርስዋን ይዞ ወደ መስኮቱ ካልቀረበ ዕቃው ከዚያው ይሰነብታል። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆነ ነጋዴ ቁልፉን ለታመነ ሰው ሰጥቶ ሣጥኑን በየጊዜው ያስከፍታል። ቁልፉን በኪሱ አኑሮ ወር የሚሰነብት ሰው ግን «ደብዳቤ አልመጣልኝም» ብሎ ሊያማርር አይገባውም፤ ደብዳቤው መጥቷል፤ ያልመጣው እርሱ ነው።

ዛሬ ሣጥኑ ራሱ በነጋዴው ኪስ ውስጥ ገብቷል። በሸማ ተራም ሆነ በጫማ ተራ፥ በምናለሽ ተራም ሆነ በዱባይ ተራ ያለ ነጋዴ የዕቃውን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ያወጣል፤ ከሥሩም «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብሎ ይጽፋል። ይህች ቃል ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ግብዣ ናት፤ የጋበዘም ሰው እንግዳውን በደጅ አቁሞ አይተወውም። ዋጋውን በግልጽ ቢጽፍ ኖሮ ብዙው ሰው አንብቦ ያልፍ ነበረ፤ የሚጽፍለትም ለመግዛት የቈረጠው ብቻ በሆነ ነበር። ዋጋውን ስለ ሰወረ ግን ያየው ሁሉ ይጽፍለታል፤ ከዚያም ወዲያ «መልእክት በዛብኝ» እያለ ያማርራል።

መሣሪያው በበኩሉ የሚችለውን አድርጓል። ከደንበኛው ስም አጠገብ ያልተነበበው መልእክት ስንት እንደ ሆነ በቁጥር ይታያል፤ ብዙ ሰው በሚነጋገርበት ግሩፕ ውስጥም ለእርሱ ለይቶ የተሰጠ መልስ ሲኖር ልዩ ምልክት ይወጣለታል፤ ላኪውም መልእክቱ ሲሄድ አንድ፥ ሲነበብ ሁለት የራይት ምልክት ያያል። ነገር ግን ይህ ቁጥር አንድ ጕድለት አለው፤ ብዙ ሰውም ልብ አይለውም። የሚቈጥረው ያልተነበበውን እንጂ ያልተመለሰውን አይደለም። ነጋዴው ጨርቅ እየለካ ወይም ሸክም እያስወረደ ሳለ መልእክቱን ለአንዲት ቅጽበት ከፍቶ ይዘጋዋል፤ ቁጥሩ በዚያው ይጠፋል፤ ከቁጥሩም ጋራ አሳቡ ይጠፋል። ማታ ስልኩን ሲመለከት የቀረ ነገር ያለ አይመስለውምና ልቡ ዐርፎ ይተኛል። በደሴ ወይም በወልድያ ያለው ደንበኛ ግን ሁለቱን ምልክት አይቶ «አንብቦ ናቀኝ» ይላል። አንዱ የረሳውን ሌላው እንደ ንቀት ይቈጥረዋል፤ የብዙ ዓመት ደንበኝነትም ማንም ማንንም ሳይሰድብ ይፈርሳል።

ጉዳቱም በቅሬታ ብቻ አይቀርም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፥ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ሰኞ የተነገረ ዋጋ ረቡዕ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በሁለት ቀን የዘገየ መልስ የተለወጠ መልስ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ ገንዘብ ከወልድያ መርካቶ ለመድረስ ቅጽበት ይበቃዋል፤ ገዥው ቀብዱን ይልክና ደረሰኙን አያይዞ ይጽፋል። ደረሰኙ ሳይታይ ቢውል ግን ጭነቱ ለአይሱዙው ሳይደርስ ይቀራል። ያን ጊዜ ገንዘቡም ዕቃውም በሻጩ እጅ ሲያድሩ፥ ገዥው በባዶ መደርደሪያ ፊት ተቀምጦ ስልኩን ይመለከታል።

ሕጉ ስለዚህ ነገር የሚለውን ነጋዴው ቢያውቀው ይጠቅመዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ለሕዝብ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር የውል አቅርቦት እንደማይባል፥ በቁጥር 1682ም ዝምታ በመደበኛው አሳብን እንደ መቀበል እንደማይቈጠር ያስረዳል፤ ይህ ለዝምተኛው ሻጭ የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን ሻጩ ለአንድ ደንበኛ ለይቶ «ይህን ያህል ጥቅል በዚህ ዋጋ እሰጥሃለሁ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። በቁጥር 1692 መሠረት በተራራቁ ሰዎች መካከል የሚደረግ ውል፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ተቀባዩ መቀበሉን በላከበት ጊዜና ስፍራ እንደ ተደረገ ይቈጠራል። «በላከበት» ነው የሚለው፥ «በተነበበበት» አይልም። እንግዲህ ደንበኛው በጊዜው «ተስማምቻለሁ» ብሎ ከላከ፥ ሻጩ ሳያነብ ዕቃውን ለሌላ ቢሸጠው አለማንበቡ ከክርክር ላያድነው ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም በኤሌክትሮኒክ የተላከ ቃል በዚሁ ምክንያት ብቻ ዋጋ እንዳይነፈገው አድርጓል። ከአንድ ጥቅል ጨርቅ የተነሣ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ብዙ አይሆን ይሆናል፤ ቢሆንም የስልኩ ጽሑፍ እንደ ጫወታ የማይቈጠር መሆኑን ማወቅ ደግ ነው።

ለነጋዴውም ሊባልለት የሚገባ አለ። ሳይገዛ ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ፥ ያንኑ ጥያቄ ለሃያ ሱቅ በትኖ የሁሉንም መልስ ሳያይ የሚተው ገዥ ሞልቷል። አታላዩም ቢሆን አይታጣም፤ የሐሰት ደረሰኝ ሠርቶ የሚልክ ስላለ፥ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ሳያረጋግጥ ዕቃ የማይጭን ነጋዴ አይወቀስም። ነገር ግን ማረጋገጥ ሌላ፥ ዝም ማለት ሌላ ነው፤ «ገንዘቡ ገና አልገባም» ማለትም መልስ ነው።

መፍትሔውም ከመርካቶ ውጭ የሚፈለግ አይደለም። በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ያልተከፈለውን ሒሳብ በመዝገብ ይይዛል፤ እስኪከፈለውም ድረስ አይሰርዘውም። ያልተመለሰ መልእክትም ዕዳ ነው፤ ባለዕዳው ግን ሻጩ ራሱ ስለ ሆነ የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ከፍቶ ያነበበውንና ሊመልስለት ያልተመቸውን መልእክት እንደ ገና «ያልተነበበ» የሚል ምልክት ቢያደርግበት፥ ይህንም መሣሪያው ይፈቅዳልና፥ ምልክቱ ከደንበኛው ስም አጠገብ ይታይና ማታ ይጠይቀዋል። ብዙ ደንበኛ ያለው ደግሞ ከሱቁ ሠራተኞች አንዱን ወይም አንዲቱን ለዚህ ሥራ ለይቶ፥ ጧት ሱቅ ሲከፈትና ማታ ሳይዘጋ መልእክቱ ሁሉ እንዲታይ ቢያዝ፥ የሚመልስበትንም ሰዓት በቻናሉ ላይ ቢጽፍ፥ ደንበኛው በከንቱ አይጠብቅም። ዋጋውንም ከፎቶግራፉ ሥር በግልጽ ቢያኖር የጥያቄው ብዛት ይቀንሳል። ዕቃው ያለቀ እንደ ሆነም «አልቋል» የምትለዋን ቃል መጻፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የወልድያውም ገዥ ገንዘቡን ሳይልክ በዚያው ሰዓት ወደ ሌላ ሱቅ ይጽፋል።